ፀሐይ ያልበላው ገጽ

ዘመንን እንደ ልብስ የሚጠቀልል፣ ራቁቱን የተወለደውን ሁሉ ገመናውን ሸፍኖ የሚያኖር አምላክ የዚህችን ቤት ሐዘን ገና ሳይደርስ ያውቀው ነበር፤ የመጽናናቷንም ሰዓት የቀጠረ እርሱ ነው። መጀመሪያውንና መጨረሻውን ለእርሱ ትተን እኛ ከመካከሉ እንግባ።

ሦስተኛው ቀን ነበር፤ ረፋድ ላይ። አክስቲቱ በወረቀት የተጠቀለለ አዲስ ጥቁር ቀሚስ ከከረጢት አወጣችና በልጅቱ ጉልበት ላይ ጣለችው።

«ልበሺው» አለች።

ልጅቱ ቀሚሱን አላነሣችውም። እንደ ልማዷ ጣቷን ከጠርዙ ላይ አሳርፋ ዳሰሰችው። ለሽያጭ ሲባል የደረቀ፣ አንድ ጊዜ ቢታጠብ የሚልፈሰፈስ ጨርቅ ነበር።

«እግዜር ይስጥልኝ እትዬ። እኔ ግን ልብስ አለኝ።»

«ይሄ ነው ልብስ?» አክስቲቱ ከላይ እስከ ታች በዓይኗ ሰፈረቻት። ልጅቱ የለበሰችው ከሁለት አሮጌ የወንድ ሸሚዞች የተሠራ ቀሚስ ነበር፤ አንደኛው ዐመድማ፣ ሌላኛው ድፍን ሰማያዊ። የአንዱ ኮሌታ አንገቷን ይዟል፤ የሌላው እጅጌ ተተርትሮ የወገቧ መቀነት ሆኗል። «እናት ሞታብሽ ቡትቶ ቀጣጥለሽ ለቀስተኛ ፊት ትቀመጫለሽ? ሰው ምን ይላል?»

«ሰው ከሞተችበት ቀን ጀምሮ ማለቱን መች አቆመ? እንባዋ ደረቀ ይላል፤ ልቧ ድንጋይ ነው ይላል። ስለ ቀሚሴ የቀረው ነገር ካለ ይጨምርበት።»

ከበሩ አጠገብ የተቀመጠችው ጎረቤት፣ የሰፈሩን ሰው እኩሌታ በገዛ እጇ ተቀብላ ጡረታ የወጣችው አዋላጅ፣ ሻይዋን ፉት አለችና ጣልቃ ገባች። «ኧረ ተዪያት የኔ እመቤት። እኔ የተቀበልኳቸው ሁሉ የመጡት ባዷቸውን ነው፤ ጥቁር ለብሶ የመጣ አንድም አላየሁ። እየጮኹም ቢሆን ደኅና አደጉ።»

ሁለት ሴቶች ሣቃቸውን በመዳፋቸው አፈኑት። አክስቲቱ ግን አልሣቀችም።

«ቀልዱን ለሌላ ቀን አድርጊው። አንቺ ልጅ፣ ስሚኝ። በሰባተኛው ቀን የወንድሜ አማቾች ለልቅሶ ይመጣሉ። ልጁን ሊድር ነው፤ ታውቂያለሽ። እነዚያ ሰዎች በዚህ በር ሲገቡ መጀመሪያ የሚያዩት ያ የፊት ክፍሉ መስኮት ነው። በዚያ ቀን ጠዋት ባለ ጋሪ ጠርቻለሁ። በመስኮቱ የተሰቀለው፣ በሣጥኑ የታጨቀው፣ ልባሽ የተባለ ሁሉ ተጭኖ ይጣላል። የስፌት መኪናውም ይሸጣል። አንቺ ወደ አጎትሽ መደብር ገብተሽ አዲስ ልብስ ታጥፊያለሽ። እንደ ሰው።»

ልጅቱ ከቃሉ ሁሉ የመጨረሻዋን አነሣች። «እናቴ እንደ ምን ነበረች?» ብላ ጠየቀች፤ ድምፅዋን ግን ከፍ አላደረገችም።

ጥቁሩን ቀሚስ በወግ አጥፋ ወደ ወረቀቱ መለሰችው።

የሟቿን ሥራ ለማያውቅ አንባቢ እዚህ ላይ ትንሽ መናገር ይገባል። በከተማው ዳር በየሳምንቱ ከባሕር ማዶ የመጣ ልባሽ በትልልቅ ቦንዳ ታስሮ ይራገፋል። ቦንዳው ሲፈታ ሻጩም ገዢውም ይሻማል፤ ቀለም ያለው ቀድሞ ይነሣል። እሷ ግን ሰው ሁሉ መርጦ ከጨረሰ በኋላ ትመጣና ከቀረው ክምር አጠገብ ተንበርክካ ዓይኗን ጨፍና ትዳስስ ነበር። «ዓይንን ቀለም ይሸነግለዋል፤ ጣት ግን አይሸነገልም» ትላለች። የምታነሣውም ፊቱ የነጣውን ካፖርት፣ ክርኑ የሳሳውን ኮት፣ ዋጋው የአንድ ዳቦ ያህል የወረደውን ነው። ቤቷ ወስዳ ስፌቱን በምላጭ ትተረትራለች፤ ጨርቁን ገልብጣ የውስጡን ወደ ውጭ፣ የውጩን ወደ ውስጥ አድርጋ እንደገና ትሰፋዋለች። «ፀሐይ የበላው ገጹን ነው፤ ውስጡን አልነካውም።» ከዚህ የተነሣ ሰፈሩ «ገልባጯ» ይላት ጀመር፤ ከፊሉ ለማድነቅ፣ ከፊሉ ለማሽሟጠጥ። እሷም «ገልባጭ መኪና እንኳ ቤት የሚሠራበት አሸዋ ያመጣል» ብላ ትስቅ ነበር።

ልጅቱ ዐሥር ዓመት ሲሆናት አንድ ቀን ከትምህርት ቤት እያለቀሰች ገባች። «የሞተ ሰው ልብስ ለብሳለች አሉኝ» አለች። እናቲቱ አላባበለቻትም። ከመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ አወጣችና አስቀመጠቻት።

«የለበሰው ይሞታል እንጂ ልብስ አይሞትም። ይልቅ ንገሪኝ፤ ሹራብሽ ምን ይጎድለዋል?»

«ሁሉም!»

«ሁሉም የሚባል ጉድለት የለም። ጣትሽን አሳርፊና አሳዪኝ።»

ልጅቱ ጣቷን ክርኗ ላይ ካለችው ቀዳዳ አሳረፈች።

«በምን ዓይነት ክር እንድፈነው?»

«በማይታይ።»

«የማይታይ ክር የሚሻ የሰረቀ ሰው ነው። ሰርቀሻል?»

«አልሰረቅኩም!»

«እንግዲያው ይታይ!» አለችና ቡናማው ሹራብ ላይ እንደ አደይ አበባ በደመቀ ብጫ ክር ቀዳዳዋን ደፈነችው። ሁለት ሳምንት አልሞላም፤ ሁለት ተማሪዎች በደኅና ሹራባቸው ክርን ላይ ብጫ እንዲሰፋላቸው ለመለመን መጡ። ገልባጯ ግን መለሰቻቸው። «ያልተቀደደውን አልደፍንም። ቀዳችሁ ስትመጡ እንነጋገራለን።»

ከዚያን ቀን ወዲህ ልጅቱ የራሷ ያላደረገችውን ልብስ ለብሳ አታውቅም። ኮሌታውን ቀይራ፣ እጅጌውን አሳጥራ፣ የአንዱን ገበር ለሌላው ቀሚስ አድርጋ፣ ከሩቅ «ያቺ እሷ ናት» የሚያሰኝ አለባበስ አበጀች። ገንዘብ አልነበራትም፤ ሌላ ሰው ለመምሰል ስትል ግን ራሷን አልሸጠችም።

በዚያው በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አጎትዬው መጣ። በትልቁ መንገድ ላይ ባለ መስታወት መደብር ያለው፣ ሱሪው የካውያ መስመር የማይጠፋው፣ ንግግሩ ለስላሳ የሆነ ሰው ነው። ከልጅቱ ፊት ለፊት ተቀመጠና ጉሮሮውን ጠረገ።

«ልጄ፣ እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም።»

«አላልኩም ጋሼ።»

«ቤቱ የአባታችን ነው። እህቴ በሕይወት ሳለች ከፊት ክፍሉ ማንም ያስወጣት የለም። አሁን ግን... የሰው ዓይን አለ። እኔ አዲስ ልብስ እየሸጥኩ፣ ከገዛ ዘመዴ መስኮት ልባሽ ሲንጠለጠል... ትረጂኛለሽ። ለአንቺም ክብር ነው።»

«ለእኔ ክብር የሚሆነው የእኔ መስኮት ባዶ ሲሆን ነው?»

አጎትዬው ላቡን ሊጠርግ መሐረቡን ከደረት ኪሱ አወጣ። ልጅቱ ያየችው ያን ጊዜ ነው። በግራ እጁ ነበር ያወጣው፤ ወደ ቀኝ ደረቱ ተሻግሮ፣ ትንሽ እየተቸገረ። የወንድ ኮት የደረት ኪስ በግራ ነው፤ የዚህ ኮት ኪስ ግን በቀኝ ነበረ።

ለሌላ ሰው ይህ ከቁም ነገር አይቆጠርም። የገልባጯ ልጅ ግን ኮት እንደ ፊደል የምታነብ ናት። ኮት ሲገለበጥ ቀኙ ግራ፣ ግራው ቀኝ ይሆናል። የቁልፍን ቀዳዳ ክር ይዘጋዋል፤ ሌላ ቀዳዳም በሌላው ወገን ይበጃል። ኪስን ግን ከተቀደደበት ቦታ የሚያዛውር እጅ እስከ ዛሬ አልተፈጠረም። ስለዚህ የተገለበጠ ኮት ሁሉ ምስክሩን በደረቱ ይዞ ይዞራል።

ሻይዋ በእጇ ላይ ቀዘቀዘ። ከአምስት ዓመት በፊት፣ ገበያው ተቀዛቅዞ ትልልቅ መደብሮች ሳይቀሩ በር ወደ መዝጋት በደረሱበት ዓመት፣ እናቷ ሦስት ቀን ሙሉ በጠራራ ፀሐይ መጋረጃ ዘግታ ሰፍታ ነበር። ልጅቱን የማያስፈልግ አዝራር እንድትገዛ እየደጋገመች ትልካት ነበር። ስትመለስ ወለሉ ላይ ጥቁር ግራጫ የሱፍ ብናኝ ብቻ አገኘች።

«የማን ነው?» ብላ ጠይቃት ነበር።

«የሰው።»

«የየትኛው ሰው?»

«የሰውን ገመና የሚሰፋ ሰው አፉንም አብሮ ይሰፋል።»

«እኔ ዓይንሽ አይደለሁ እንዴ?» አለቻት፤ እናቷ የምትጠራት «ዓይኔ» ብላ ነበርና።

«ዓይን ያያል እንጂ አያወራም» አለች እናቲቱ፤ መጥረጊያም አስያዘቻት።

አሁን ልጅቱ ፊት ለፊቷ የተቀመጠውን ኮት እያየች በልቧ «አንድ ቃል» አለች። በአማቾቹ ፊት አንድ ቃል ብትወረውር መስኮቷን የሚነካ አይኖርም። ሠይጣን ለሐዘንተኛ የሚያቀብለው ሰይፍ ሁልጊዜ የተሳለ ነው። እሷም አልወረወረችውም፤ ግን ከእጇም አላስቀመጠችውም።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት ለቀስተኛ ሳይበዛ ወደ ፊት ክፍሉ ገባች። ክፍሉ እናቷ እንደተወችው ነበር፤ ካውያው ቀዝቅዟል፣ መቀሱ አፉን ከፍቷል። ገልባጯ አንድ ቀን እንኳ አልታመመችም፤ አንድ ከሰዓት በኋላ «ትንሽ ልረፍ» ብላ ራሷን ከጠረጴዛው ላይ አሳረፈች፤ በዚያው ቀረች።

ከመኪናው አጠገብ የመርፌ መሰኪያው አለ፤ ከጨርቅ ቁራጭ የተሠራ፣ ድንች የሚያህል። በመጨረሻዎቹ ዓመታት የእናቲቱ ዓይን ስለ ደከመ፣ ልጅቱ በየማለዳው ዘጠኝ መርፌ ክር አስገብታ በተርታ ትሰካላት ነበር። የክሩ ልክ የእናቷ ክንድ ነው። በሞተችበት ቀን ጠዋት «ዛሬ ብጫ ክር አስገቢልኝ፣ ዓይኔ» ብላት ነበር። ልጅቱ ብጫ የሚሻ ልብስ በቤቱ እንደሌለ እያወቀች፣ ሳትጠይቅ ታዘዘች። ስድስቱ በሥራ አልቀዋል። ሦስቱ እንደ ተሰኩ ቀርተዋል።

ጠረጴዛው ላይ የተተረተረ ካፖርት ተዘርግቷል። የእናቷ የራሷ ነበር፤ ዐሥራ ሁለት ዓመት የለበሰችው፣ ፊቱ በፀሐይ ነጥቶ ዐመድ የመሰለ። ተገልብጦ የተዘረጋው ውስጡ ግን ድፍን አረንጓዴ ነው፤ ክረምት የጠገበ ቅጠል ይመስላል። ልጅቱ እናቷ ለራሷ ልታድሰው የጀመረችው መስሏት ነበር። ትከሻውን ስታነሣ ግን የጠመኔ መስመር አየች። እናቷ ትከሻ ሰፊ ነበረች፤ መስመሩ ግን ከጠርዙ ሦስት ጣት ያህል ወደ ውስጥ ገብቷል። ወገቡም ጠብቧል። ከኮሌታው ሥር፣ ገልባጯ የእያንዳንዱን ደንበኛ ጨርቅ ለመለየት ምልክት በምታደርግበት ቦታ፣ በጠመኔ የተሣለች ትንሽ ዓይን አለች።

ልጅቱ ጣቷን በጠመኔው ላይ ልታሳርፍ ቃጥታ እንዳይጠፋ ሰበሰበችው። በካፖርቱ ላይ ስድስት መርፌ ብጫ ክር አልቋል፤ ከስምንቱ አሮጌ የቁልፍ ቀዳዳዎች ስድስቱ ተደፍነዋል። ሁለቱ ቀርተዋል።

ወንበሩን ሳበችና እግሯን ከመኪናው መርገጫ ላይ አሳረፈች።

ድምፁ በለቅሶው ቤት ሁሉ ተሰማ። ትክ ትክ ትክ ትክ። በሳሎን የነበሩት ሴቶች ንግግራቸውን አቋረጡ። አንዷ «በስመ አብ!» አለች። ሌላዋ «እንባ ሳታፈስ ወደ ሥራዋ!» ብላ አንሾካሾከች። አክስቲቱ መጋረጃውን ገልጣ ገባች።

«አብደሻል? እናትሽ አፈሯ ሳይደርቅ?»

«ጅምር ትታብኝ ነው የሄደችው እትዬ።»

«ሌላ ቀን አይደርስም?»

«በሰባተኛው ቀን መኪናው የለም አላሉም?» እግሯን አላቆመችም። «እርስዎ በእንባዎ አልቅሰውላታል። እኔ በማውቀው ነው የማለቅስላት።»

አክስቲቱ በዓይኗ አረንጓዴውን ጨርቅ አየችው። «አረንጓዴ» አለች እንደ መርገም። «በሐዘን ላይ አረንጓዴ! ይህን ለብሰሽ አማቾች ፊት ብትወጪ እህቴ የወለደችሽ ነሽ ማለቴን አቆማለሁ።»

«የወለደችኝስ ገና ሳትሞት ልብሴን ለክታልኝ ነበር» አለች ልጅቱ።

አዋላጇ ከኋላ አንገቷን ብቅ አደረገች። «እኔን ካላችሁኝ፣ ቤቱ ውስጥ ከሰማሁት ልቅሶ ሁሉ ደንበኛው ይሄ ነው» ብላ ሻይዋን ይዛ ተመለሰች።

ስፌቱ ሁለት ቀን ፈጀ። ጎኑን በመኪና አጋጠመች፤ ገበሩን ከአሮጌ መጋረጃ አበጀች። የቀሩትን ሁለት ቀዳዳዎች ግን በእጇ፣ እናቷ በጀመረችበት ብጫ ክር፣ ከተሰኩት ሦስት መርፌዎች በሁለቱ ደፈነቻቸው። ስምንቱ ብጫ ነጥቦች ከአረንጓዴው ላይ እንደ ተከደኑ ዓይኖች ተደረደሩ። ሦስተኛዋን መርፌ አልነካቻትም።

ሰባተኛው ቀን ነጋ። ረፋድ ላይ አማቾች መጡ፤ ሁለት አዛውንት ወንዶችና አንዲት ዝምተኛ እናት፣ ሙሽራዪቱን የወለደች። ባለ ጋሪውም በሰዓቱ ደርሶ ከደጅ ቆሞ ነበር፤ አክስቲቱ እንግዳ እስኪረጋጋ በእጇ ምልክት አስቁማዋለች። መስኮቱ ላይ ግን ልብሶቹ እንደ ተሰቀሉ ነበሩ፤ ልጅቱ ሌሊቱን የፊት ክፍሉን በር ቁልፍ ከራስጌዋ አድርጋ አድራለችና ማንም አላወረዳቸውም።

ከፊት ክፍሉ ወጣች። በጥቁር በተሞላው ሳሎን መካከል ድፍን አረንጓዴው ካፖርት ሲገባ ሰው ሁሉ መቀመጡን ረስቶ ቆመ። ትከሻው በትከሻዋ ላይ እንደ ተወለደ ነበር። እየዞረች እንግዶቹን ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች።

ዝምተኛዋ እናት እጇን ስትጨብጥ የእጅጌውን ጠርዝ ያዘች፤ አልለቀቀችም። «እግዜር ያጥናሽ ልጄ። ይቅርታ፣ በሐዘን ቀን የሚጠየቅ አይደለም። ግን እንዲህ ያለ ሱፍ ካየሁ ዘመን የለኝም። ከየት ተገዛ?»

አክስቲቱ ከማንም ቀድማ መለሰች። «ከወንድሜ መደብር ነው! አዲስ የገባ።»

አጎትዬው አልካደም፤ አላመነም። ሻዩን አማሰለ።

ልጅቱ ቀና አለች። «አይደለም እናቴ» አለች ለእንግዳዋ። «ልባሽ ነው። ከቦንዳ ክምር የመጣ ነው። እናቴ ዐሥራ ሁለት ዓመት ለብሳው ፊቱ ሲነጣ ለእኔ ገለበጠችው። ይኸው ቀዳዳዎቹን በብጫ የደፈነችው እንዲታይ ብላ ነው። በዚያ መስኮት የተሰቀለው ሁሉ የእሷ እጅ ሥራ ነው። ሥራዋን ያልሰማ ይስማ፤ እሷ አላፈረችበትም፣ እኔም አላፍርበትም።»

የአክስቲቱ ፊት ቀላ። ባለ ጋሪው ከደጅ አንገቱን አስገባ። «እመቤት፣ የቱን ልጫን? ሌላ ሥራ አለብኝ።»

«ያንን ሁሉ!» አለች አክስቲቱ ወደ መስኮቱ እያመለከተች፣ በአንድ ዓይኗ አማቾቹን እያየች። ወደ ወንድሟ ዞረች። «ንገረው እንጂ! ቤቱ ያንተም ነው!»

ሰው ሁሉ ወደ አጎትዬው አየ። ልጅቱም አየችው። ዓይኗ ከፊቱ ወረደና ከቀኝ ደረቱ ኪስ ላይ አረፈ። እሱም ዓይኗን ተከትሎ ወደ ገዛ ደረቱ አየ፤ እጁም ሳያስበው ኪሱን ሸፈነው። አወቀ። እንደምታውቅ አወቀ። ፊቱ ላይ ደሙ ሲሸሽ አየች፤ አንድ ቃል ብቻ ነበር የቀራት።

ልጅቱ ዓይኗን አነሣችና ወደ ግድግዳው መለሰችው። የሻይ ማንቆርቆሪያውን አንሥታ ኩባያውን ሞላችለት። «ይጠጡ ጋሼ፣ ሳይቀዘቅዝ» አለች። የፊት ክፍሉን መጋረጃ ገልጣ ወደ መስኮቱ ሄዳ ጀርባዋን ለልብሶቹ፣ ፊቷን ለባለ ጋሪው ሰጥታ ቆመች። «የሚጫን ከሆነ መጀመሪያ እኔን ይጫኑ» አለችው።

ባለ ጋሪው ራሱን አከከ። «እኔ ሰው አልጭንም» አለ።

አጎትዬው ኩባያውን አስቀመጠ። ተነሣ። የኮቱን አዝራር አንድ በአንድ ፈታ፤ ከትከሻው አወለቀው፤ በሸሚዝ ብቻ ሆኖ፣ ትከሻው ካሰቡት ይልቅ ጠባብ ሆኖ፣ በሰው ሁሉ ፊት ቆመ። ኮቱን ለልጅቱ ዘረጋላት።

«ይህች መካከለኛዋ አዝራር ላልታለች» አለ። ድምፁ እንደ ወትሮው ለስላሳ አልነበረም። «የምታጠብቅልኝ እናትሽ ነበረች። ከገለበጠችልኝ ወዲህ ሌላ እጅ አልነካውም።»

አክስቲቱ አፏን ከፍታ ቀረች። «አንተ?...»

«እኔ። መደብሩ ሊዘጋ በደረሰበት ዓመት። ከደጅ መውጫ ልብስ አልነበረኝም። ሦስት ቀን መጋረጃ ዘግታ ሰፋችልኝ፤ ለአንቺ እንኳ አልነገረችሽም።» ወደ አማቾቹ ዞረ። «እንግዲህ የምንዛመደው ይህን አውቃችሁ ይሁን።»

ዝምተኛዋ እናት የአረንጓዴውን ካፖርት እጅጌ አሁንም እንዳየች ነበር። «እኛማ» አለች ቀስ ብላ፣ «ልጃችንን የምንሰጠው ገመና ለሚሸፍን ቤት ነው። አገኘነው መሰለኝ።»

አዋላጇ ባለ ጋሪውን በክንዱ ያዘችው። «ና ግባ፤ ባዶ ጋሪ ከምትገፋ ሻይ ጠጣ። ዛሬ የሚጫነው ይሄ ብቻ ነው» ብላ ከኩባያው ጋር ዳቦ አሸከመችው።

ልጅቱ ኮቱን ይዛ ወደ ፊት ክፍሉ ገባች። አጎትዬው በሸሚዙ ተከተላት። ከመሰኪያው ላይ የቀረችውን አንዲት መርፌ፣ በእናቷ ክንድ ልክ ክር የገባባትን፣ ነቀለቻት።

አጎትዬው ክሩን አየና ጠየቀ፦ «ብጫ ነው?»

«ለእሷ ያስገባሁት የመጨረሻው ነው ጋሼ። ጥቁር ከፈለጉ...»

ኮቱን አየ፤ ልጅቱን አየ። «ተዪው» አለ። «ይታይ።»

ሰፋችው። አራት ጊዜ አመላለሰች፤ የአዝራሯን ሥር በክሩ ጠመጠመች፤ ክሩን እናቷ ታደርግ እንደነበረው በጥርሷ በጠሰችው። ጥቁር ግራጫው ኮት መካከል አንዲት ብጫ ነጥብ በራች። ትከሻው ላይ መልሳ ስታለብሰው አጎትዬው ደረቱን ነፍቶ ወደ ሳሎኑ ተመለሰ።

አክስቲቱ በመጋረጃው አጠገብ ቆማ ነበር። የራሷን ጥቁር ሹራብ ክርን አዞረችና አሳየቻት፤ ጣት የምታሾልክ ቀዳዳ ነበረችበት። «ለሌላ ቀን» አለች፤ ፊቷን አዙራም ሄደች።

ልጅቱ ብቻዋን ቀረች። የመርፌ መሰኪያው ባዶውን ቀረ፤ አንዲት መርፌ የለችበትም። ካፖርቷን ሳታወልቅ ከመኪናው ፊት ተቀመጠች። ዘጠኙን መርፌዎች ከመርፌ ማስቀመጫው ቆርቆሮ አውጥታ ደረደረች። ክሩን ከጥቅሉ መዘዘች፤ በራሷ ክንድ አልለካችውም፤ ከጠረጴዛው ጠርዝ እናቷ በምላጭ እስከ ጫረችው ምልክት ድረስ ዘረጋችው። የመጀመሪያዪቱን መርፌ ወደ ብርሃኑ አነሣች። ቀዳዳዋ ጠፋባት። ዓይኗን በአረንጓዴው እጅጌ ጠረገች፤ እንደገና አነሣች፤ እንደገና ጠፋባት። በሦስተኛው ክሩ አለፈ። ሰካቻት። ሁለተኛዪቱን አነሣች። ስምንት እስክትደርስ ካፖርቱ ደረት ላይ የወረደውን እንባ አልጠረገችውም። ዘጠነኛዪቱን ስትሰካ ማንም እንደማይጠይቃት እያወቀች፣ በየማለዳው እንደምትለው፣ «አለቀ እማ» አለች።

ይህን ያነበባችሁ ሁሉ፣ በቤታችሁ የተቀደደውን የሚጠግን እጅ፣ የሰውን ገመና የሚጠብቅ አንደበት እግዚአብሔር አያሳጣችሁ። ፀሐይ ገጻችሁን ቢበላው እንኳ ውስጣችሁን ይጠብቅላችሁ፤ ሐዘን ወደ ደጃችሁ ቢመጣ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ብርሃን አትጥፋባችሁ። አሜን።